ዛሬ ከልጄ ጋር ክፍል ገብቼ ዋልኩ

ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር የሚማሩበት ቀን ነበር። የሁለተኛ ክፍል ልጆች እርጥብ ጥጥ ላይ ያስቀመጡትን ባቄላ ሲመረምሩ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ደስ ሲል!

መምህሯ መልሱን አልነገረቻቸውም። "መጀመሪያ የወጣው ምንድን ነው?" ብቻ አለች። በማጉያ መነጽር አዩት። ነጭ ሥር። ቅጠል ገና የለም። አንዷ ልጅ ብርጭቆውን ዘቀዘቀችና "አሁንስ ሥሩ ወደ ላይ ያድጋል?" ስትል ክፍሉ በክርክር ተናጋ። ሥር የምድርን ስበት ተከትሎ ወደ ታች እንደሚታጠፍ ባውቅም ዝም አልኩ። በራሳቸው ዓይን ቢያዩት ይሻላል። ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ሥለው ቀን ጻፉበት።

አሜሪካዊው ፈላስፋና የትምህርት ሊቅ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 ቺካጎ ውስጥ የሙከራ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ያሰበው እንዲህ ዓይነቱን ትምህርት ነው፤ ልጅ እየሠራ ይማር ብሎ።

ከሰዓት ጓሮ ወጣን። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ለታናናሾቻቸው ውኃ ያመላልሳሉ። የአንዱ ተማሪ አያት ቁጭ ብለው ችግኝ እንዴት ሥሩ ሳይጎዳ እንደሚነቀል ያሳያሉ። "አባባ፣ እኔም ልሞክር!" የማይል ልጅ አልነበረም።

ቅዳሜ የጓሮውን የችግኝ መደብ እናሰፋለን። ወላጆች፣ የቻላችሁ ኑ፤ ዶማ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ።