ጥበቡን ሳታጥቡ መቀስ አታስነኩት

ቱታ እወዳለሁ። በተለይ የድሮውን፣ አንገቱ ቆሞ ዚፑ እስከ አገጭ የሚዘጋውን። አዲዳስ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመናዊው ኳስ ተጫዋች በቤከንባወር ስም ካወጣው ወዲህ ስንቱ ዲዛይነር በየራሱ መልክ ሠርቶታል። እንግሊዛዊቷ ዲዛይነር ዌልስ ቦነር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከአዲዳስ ጋር የሠራቻቸውን ሳይ «የኛ ጥበብስ?» አልኩ። እጅጌው ላይ ከትከሻ እስከ አንጓ የሚወርድ አንድ ሰፊ ጥበብ። ሦስት መስመር አላደረግኩም፤ የአዲዳስ ምልክት ነው፣ ባለቤት አለው።

አሮጌ ቱታ ከቦንዳ ገዝቼ፣ ስፌቱን ተርትሬ ልኩን ወሰድኩ። ጨርቁ ከመርካቶ፣ ጥበቡ ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔ፣ ስፌቱ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ከምትሠራ ጓደኛዬ። ትርፉን ለሦስት ልንካፈል ተስማማን። 24 ጃኬት ሰፋን፤ በሳምንት አለቀ።

ከዚያ አንዷ ደንበኛ ጃኬቷን በፌስታል ይዛ መጣች። ያጠበችው አንዴ ነው። ጠረጴዛ ላይ ልዘረጋው ብል አልዘረጋ አለኝ። ጥበቡ ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። የቱታው ጨርቅ ፖሊስተር ስለሆነ ንቅንቅ አላለም። ግራና ቀኙ ተጨማዶ እጅጌው እንደ ቀስት ጎብጧል። ቀዩ ክር ደግሞ ነጩ ላይ ለቋል። ልጅቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ጋሼ እጅጌውን ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ድሩ ተወጥሮ ነው የሚሠራው። ውሃ ሲያገኝ ይሰበሰባል። ብትጠይቂኝ እነግርሽ አልነበር?» አሉኝ። አለመጠየቄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የበለጠ የሚያናድደኝ የወሰድኩት ስልጠና ነው። «ጥበብ ውሃ ከነካው ውበቱ ይሄዳል፣ ሳይታጠብ ስፉት» ተብለን፣ እኔም ደብተሬ ላይ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ለበዓል ቀሚስ ይሆን ይሆናል። ቱታ ግን ላብ የሚጠጣ፣ በየሳምንቱ የሚታጠብ ልብስ ነው! እኔ የምለው፦ ጥበቡን ከመቁረጣችሁ በፊት ሌሊቱን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አስጡት። በሦስተኛው እጥበትም ቀለም ከለቀቀ ነጭ ቱታ ላይ አይግባ።

18ቱን በራሴ ወጪ ቀየርኩ። ስድስቱን የገዙትን ግን ስልካቸውን አልያዝኩም። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የሰው እጅጌ አያለሁ።