እማማ ስንት ስም አላት?

እሑድ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ሐይቁ ከሰማዩ አልለይ ብሎ ሁለቱም አመድማ ሆነዋል። እንዲህ ባለ የሐምሌ ቀን ሰው ወይ ይተኛል ወይ የድሮ ፎቶ ያያል። እኔ ተኝቼ ነበር። እታለም ደውላ ቀሰቀሰችኝ።

«ያቺን የእማማን ፎቶ ፈልግልኝ። ነጠላዋን አጣፍታ ዘንባባው ሥር የቆመችውን። ትልቅ አድርጌ ላሳጥበው ነው።»

እሺ አልኳት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም ብዬ።

ሃርድ ዲስኩ ላይ አሥራ አንድ ሺህ ምናምን ፎቶ አለ። ፎልደሮቹ «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «ከስልክ»፣ «ከስልክ የመጨረሻ» ይላሉ። ማን እንዲህ ብሎ እንደሰየማቸው አልናገርም። በደህናው ጊዜ ግን ቤተሰቡን በሙሉ፣ ጎረቤቱን ጨምሮ፣ ፒካሳ በሚባለው የጉግል የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም አንድ በአንድ ታግ አድርጌ፣ ማለት ፊታቸው ላይ ስማቸውን ጽፌ ነበር። ስም ጠቅ ሲደረግ የሰውየው ፎቶ ሁሉ ይመጣ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ፒካሳን አቆመ፣ እኔም ላፕቶፕ ቀየርኩ፣ ስሞቹም እዚያው ቀሩ። ጥፋቱ የኔው ነው። «ስሙን ፎቶው ውስጥ ጻፍ» የሚል ምርጫ ነበረው፤ አላበራሁትም። ስሞቹ ፕሮግራሙ ለራሱ በያዘው መዝገብ ውስጥ ነበሩ። እኔ ፎቶውን ገልብጬ ሄድኩ፣ መዝገቡን ረሳሁት።

አሁን ያለኝ ዲጂካም የሚባል ሌላ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ነው። በነፃ የሚገኝ ነው። መጀመሪያ ያደረግኩት ያችን ምርጫ ፈልጌ ማብራት ነበር። የተቃጠለ ልጅ እሳት ይፈራል። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን ያስስና ያገኘውን ፊት ሁሉ እየቆረጠ «ያልታወቀ» የሚል ክምር ውስጥ ያስቀምጣል። ጥቂቱን ስም ስትሰጠው ቀሪውን ራሱ ይገምታል፤ አንተ ታጸድቃለህ ወይ ትጥላለህ። አባቴንና ጋሼን መለየት አቅቶታል። አልፈርድበትም፤ ስልክ ላይ ድምፃቸውን እኔም አልለየውም።

የእማማ ፊት መጣ። ከሥሩ ባዶ ሳጥን አለ። ስም ይላል።

እማማ ብዬ ጻፍኩ። አላማረኝምና ሰረዝኩት። ለኔ እማማ ናት፤ ነገ ይህን ዲስክ የሚከፍተው የእህቴ ልጅ ግን እማማ የሚላት ሌላ ሴት አለችው። አባቷ ያወጣላት ስም አለ፤ መታወቂያዋ ላይ ካልሆነ የትም ሰምቼው አላውቅም። ስትዳር አማቷ ያወጣችላት ስም አለ፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት በሱ ነው። ወለተ ሚካኤል ደግሞ የክርስትና ስሟ ነው። የቀብሯ ቀን ቄሱ በፍትሐቱ ላይ ወለተ ሚካኤል እያሉ ሲጠሯት፣ ትንሹ ወንድሜ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ሌላም ሰው አለ እንዴ ዛሬ የሚቀበር?» ያለኝን አልረሳውም። ለቅሶው መሀል ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

አንድ ሳጥን፣ አራት ስም። ይቆይ ብዬ አለፍኩት።

የሚቀጥለው ክምር ከዘጌ ነው። ከከተማው በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ሄደን ዑራ ኪዳነ ምሕረት የተሳለምን ጊዜ ያነሳሁት። የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ሳላስቀር አንስቼ ኖሯል። ምስኪን ፕሮግራም የቅዱሳኑን ፊት አንድ በአንድ ለቅሞ «ያልታወቀ» ውስጥ ከመረልኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ያልታወቀ። መላእክቱ ክንፋቸው ተቆርጦ በአራት ማዕዘን፣ ያልታወቀ፣ ያልታወቀ። አንዱን ሽማግሌ ጻድቅ «ይህ ጋሼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጋሼ ይህን ቢሰማ የሚያስችለው አይመስለኝም።

ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ነው ነገሩ የገረመኝ። ስማቸው እኮ አለ። ሠዓሊው ከራሳቸው በላይ በግዕዝ ጽፎታል። ታሪኩንም «ዘከመ» ብሎ ይጀምርና ማን ምን እንዳደረገ ይናገራል። ታግ ነው፤ ከነመግለጫው። ከሥር ተደፍቶ የሚታየው ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው። እሱም እንዳይረሳ ስሙን አስጽፏል። ደግሞ ሁሉም የተጻፈው እዚያው ሥዕሉ ላይ ነው እንጂ ሌላ መዝገብ ውስጥ አይደለም። እኔ ስንት ዓመት ቆይቼ ያበራሁትን ምርጫ እነሱ ድሮ አብርተውታል።

ለአንዳንዶቹ ግን ማንም ስም አልጻፈላቸውም። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች ስም የላቸውም። በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታያቸው። ያገራችን ሠዓሊ ሕጉ ይሄ ነው፦ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ወደ አንተ ይዞራል፣ ክፉ ሰው በጎን ይሳላል። የሚገርመው ፕሮግራሙም ከጎን ያለ ፊት ይከብደዋል። ብዙዎቹን ገራፊዎች ጭራሽ አላያቸውም።

ይህን ሳስብ አባባ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ፈለግኩት። ፕሮግራሙ አንድም ቦታ አላገኘውም። በየፎቶው ግን አለ። ካሜራ ሲያይ ፊቱን ወደ ሐይቁ የማዞር ልማድ ነበረው፤ የታንኳ ደንገል የጫነ ሰው እየመጣ ይመስል። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ፊት ለፊት ያያል፣ እሱ በአንድ ዓይኑ። በዘጌው ሕግ ከሆነ ደጉ አባባ ከገራፊዎቹ ጋር ሊቆም ነው። በማውስ እየጎተትኩ አሥራ ስድስት ፎቶ ላይ በእጄ ሳጥን ሠራሁለት። ጆሮውንና የጢሙን ጫፍ ይዞ የቀረ ሳጥን ሁሉ አለ። ስሙንም ጻፍኩ። እሱ እግዜር ይስጠው አንድ ስም ብቻ ነው ያለው።

እስኪ የኔንም ልይ አልኩ። በስሜ ዘጠኝ ፎቶ አግኝቶልኛል። ከነሱ ስድስቱ ጉርድ ፎቶ ናቸው፤ ለመታወቂያና ለሥራ ማመልከቻ የተነሳኋቸው። ሌላው ቦታ ሁሉ፣ በሠርግ፣ በጥምቀት፣ በራሴ የልደት ቀን ሳይቀር፣ አንገቴን ቀልሼ ስልኬን ነው የማየው። በጎን። አንድ ዓይን። አባባስ ቢያንስ የሚያየው ሐይቅ ነበር።

እታለም ድጋሚ ደወለች። ጨልሟል፣ ዝናቡም አባርቷል፣ መቼ እንዳባራ አላየሁም። የእማማ ፎቶ ለካ አራት ሰዓት ሙሉ ስክሪኑ ላይ ነበር። ለመላክ እኮ ስም አያስፈልገውም ነበር።

«አግኝቼዋለሁ፣ አሁን እልክልሻለሁ» አልኳት።

«ጎሽ። ከሥሩ ስሟን አሳምረህ ጻፍበት እሺ?»

«የትኛውን?»

ዝም አለች። የሰፈሯ ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ቆይ፣ ጋሼን ልጠይቀውና ልደውልልህ» ብላ ዘጋችው።