የቤተሰባችንን ቮልስዋገን ቦዲ በቤት ውስጥ ማደስ፦ ከወለሉ እስከ ፓራፋንጎው የደረስኩበት

ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት የሆነችውን የቤተሰባችንን ቮልስ ቦዲ እያደስኩ ነው፤ እስካሁን የደረስኩበትንም ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁ ወይም ለማሰብ ላይ ላላችሁ ላካፍላችሁ ወድጃለሁ። ሞተሩና ማርሹ ደህና ስለሆኑ አልነካኋቸውም፤ ሥራው በሙሉ የላሜራ፣ የብየዳና የቀለም ነው። የዚህች መኪና ቦዲ የሚጎዳው ውሃ ስለሚነካው ብቻ ሳይሆን የገባው ውሃ መውጫ ስለሚያጣ ነው። ስለዚህ አንድም ላሜራ ከመቁረጥ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛና በየት መውጣት እንደነበረበት አጣርቶ ማወቅ ይገባል። ይህ ሳይደረግ የሚቀየር ላሜራ ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ ተመልሶ መበስበሱ አይቀርም፤ የወጣበት ገንዘብና ድካምም አብሮ ይሄዳል።

አሠራሯን ማወቅ ሥራውን በግማሽ ያቀልላል። በቮልስ መሐል ለመሐል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዋሻ መሰል ላሜራ አለ፤ የግራና የቀኙ ወለል በዚህ ዋሻ ላይ ተበይዶ አንድ መድረክ ይሆናል፤ ቦዲው ደግሞ ዙሪያውን በቡሎን በዚህ መድረክ ላይ ይታሰራል። አራቱም ፓራፋንጎዎች (የጎማዎቹ መሸፈኛ ላሜራዎች)፣ በሮቹ፣ የፊትና የኋላ ክዳኖቿ በቡሎን የሚፈቱ በመሆናቸው አንዱን ክፍል ለብቻው አውጥቶ በጥላ ሥር መሥራት ይቻላል። ለቤት ሥራ ከእሷ የተሻለ መኪና አላውቅም። እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ስትመረት ቆይታ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለደረሰ መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል። ሆኖም ሁሉም ክፍል ለሁሉም ሥሪት አይሆንም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 ጀምሮ የተሠሩት የፊት መብራታቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ግን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ የፊት ፓራፋንጎውም በዚያው መጠን ይለያያል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ፓራፋንጎ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ይዞ ቢሄድ፣ ካልሆነም ከየአቅጣጫው ፎቶ አንስቶና ለክቶ ቢሄድ ከብዙ ምልልስ ይድናል።

የእኛይቱ መኪና የደረሰባት ጉዳት የአካባቢያችንን ተፈጥሮ ይናገራል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብ ከፍተኛ ነው፤ መኪናዋም ብዙ ዓመት የቆመችው ሣር ላይ ነበር። ሣር ላይ የቆመ መኪና ዝናቡ ካባራ በኋላም ቢሆን ከሥሩ እርጥበት እየተነሣበት ይውላል፤ ያድራል። ከዚህ በላይ የከፋው ግን ዋልካው ነው። በፓራፋንጎው ውስጠኛ ጥግ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ጉድጓድ፣ ጎማው የወረወረው ዋልካ ከጭድ ጋር ተለውሶ እንደ ግድግዳ ምርጊት ተጠቅጥቆ አገኘሁት። ላዩ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ቢሆንም በካቻቢቴ ስፈልጠው ውስጡ ገና እርጥብ ነበር፤ ከላሜራው ጋር የተነካካው ጎኑም የዝገት ቅርፊት ይዞ ተላቀቀ። ዋልካ ውሃን ይዞ የማቆየት ባሕርይው ለእርሻ የሚበጀውን ያህል ለብረት ጠንቅ ነው። አባታችን ደግሞ በዘመናቸው ደምበጫ አቅራቢያ ወዳለው የዘመድ እርሻ ዳፕና ዩሪያ በኋላ ወንበሯ ላይ ይጭኑባት ነበር። ማዳበሪያ ከአየር እርጥበት የሚስብ በመሆኑ ከከረጢቱ የሚንጠባጠበው ፍርፋሪ በምንጣፉ ሥር ገብቶ ወለሉን ከላይ በላው። ማዳበሪያ ወይም ጨው ጭኖ የሚያውቅ መኪና ያላችሁ ሁሉ ምንጣፉን አንሥታችሁ ወለሉን በብዙ ውሃ ብታጥቡትና በፀሐይ ብታደርቁት ጥቅሙ ትልቅ ነው።

የውሃውን መግቢያ ለማግኘት የተጠቀምኩበት ዘዴ ቀላል ነው። ወንበሮቹንና ምንጣፉን አውጥቼ ወለሉን፣ የፊቱን የዕቃ ማስቀመጫና የመለዋወጫ ጎማውን ጉድጓድ በጋዜጣ ሸፈንኩ፤ ከዚያም ወንድሜ ከውጭ በጆግ ውሃ ከታች ወደ ላይ በየተራ እንዲያፈስ አደረግሁ። በመጀመሪያ የበሩ ታች፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ላስቲክ፣ በመጨረሻ የፊት መስታወቱ ላስቲክ ይፈተሻል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ መግቢያውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የእኛይቱ ጋዜጣ በሁለት ቦታ ረጠበ፤ አንደኛው ከፊት መስታወቱ የታችኛው ጥግ የሚወርደው ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ በፊት ክዳኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ በመድረቁ ወደ መለዋወጫ ጎማው ጉድጓድ የሚገባው ነው። የበሮቹ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከመስኮቱ ጎን ወደ በር ውስጥ ውሃ መግባቱ የተለመደ ስለሆነ ፋብሪካው ከበሩ ሥር ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አበጅቶለታል፤ እነዚህ ቀዳዳዎች በቆሻሻና በተደጋጋሚ በተቀባ ቀለም ስለተደፈኑ ውሃው በሩ ውስጥ ተኝቶ የታችኛውን ከንፈር በልቶታል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ መክፈት ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ነው፤ ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ቢያደርገው እመክራለሁ።

በጣም የተጎዳው ቦታ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ያለው ነው። ቮልስ ባትሪዋ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከባትሪው የሚተነው አሲድ ዙሪያውን ያለውን ላሜራ ይበላል፤ ቀለም ቢቀባበትም ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከመቦረሽ በፊት አሲዱን መግደል ያስፈልጋል። ቢካርቦኔት በውሃ በጥብጬ ስደፋበት አረፋ እየደፈቀ ፈላ፤ አረፋው እስኪያቆም ድረስ ደጋግሜ ካፈሰስኩ በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥቤ አደረቅሁት። ከዚያም ጠንካራ የሚመስለውን ሁሉ በካቻቢቴ እጀታ እያንኳኳሁ አዳመጥኩ፤ ደህናው ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። መቁረጥ ያለበት ድምፁ ጥርት እስከሚልበት ቦታ ድረስ ነው እንጂ ቀዳዳው እስካለቀበት ድረስ ብቻ አይደለም። ባትሪው ሲመለስም የላይኛው ክፍል መሸፈኛ እንዲኖረው ልብ በሉ፤ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሣጥን መሰል ላሜራ የሞቀ አየር ከሞተሩ ወደ ፊት የሚያስተላልፍ ሲሆን የቦዲውን ጎን የሚሸከመውም እሱ ነው። የቀኙ ከውስጥ ወደ ውጭ በስብሶ ነበር። በከተማችን በባትላሜራነት (የመኪና ላሜራ በማስተካከል ሙያ) ያረጁና ሙያቸውን የማከብራቸው አንድ አባት መጥተው ሲያዩት፣ «ልጄ፣ በሩን ሳታስር ይህን እንዳትቆርጥ፤ ቦዲው ሲላላ በሩ ዳግመኛ አይገጥምልህም» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ በምን ልሰረው?» ብዬ ስጠይቃቸው በበሩ ክፍት ቦታ ውስጥ ሁለት የቱቦላሬ ብረቶችን አጋድመው እንዴት እንደሚበየዱ አሳዩኝ። ከመቁረጤ በፊት 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ቁራጭ አዘጋጅቼ በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በየቦታው ለካሁ፤ ሰፋ ወይም ጠበብ ያለበትንም በእርሳስ ቦዲው ላይ ጻፍኩ። አዲሱን ላሜራ በጥቂት ነጥብ ብየዳ ካያያዝኩ በኋላ በሩን መልሼ ሰቅዬ በዚያው እንጨት ክፍተቱን አረጋገጥኩ፤ ሙሉ ብየዳው የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ጎኖች በአንድ ጊዜ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ አንዱ ተበይዶ ሳያልቅ ሌላው መነካት የለበትም።

ስለ እሳት አደጋ ሳልናገር አላልፍም። የነዳጅ ጋኑ የሚገኘው ከፊት ነው፤ ከጋኑ የሚነሣው የቤንዚን መሥመር ደግሞ ወደ ኋላ ወዳለው ሞተር የሚሄደው በመሐሉ ዋሻ ውስጥ ነው። ወለሉ ከዋሻው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚበይድ ሰው ይህን መሥመር ባያየውም ከላሜራው ማዶ እንዳለ ማወቅ አለበት። እኔ ጋኑን አውጥቼ ከግቢው ሌላ ጥግ አስቀመጥሁት፤ መሥመሩንም አፍስሼ በአየር ካስነፋሁት በኋላ ነው ብየዳ የጀመርኩት። በወለሉ ላይ የተለጠፈው ሬንጅ መሰል ድምፅ ማፈኛም ስለሚቀጣጠል አስቀድሞ በሙቀት ለስልሶ መነሣት ይኖርበታል።

የወለሉ ላሜራ ውፍረት ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ስለሆነ በኤሌክትሪክ ብየዳ በቀላሉ ይበሳል። ባለ 2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ይዤ ኃይሉን ወደ 50 አምፔር ዝቅ በማድረግ ነጥብ በነጥብ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለልኩ በየድኩ፤ አንድ ነጥብ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ድረስ አጠገቡ ሌላ አይበየድም። በተከታታይ የሚበይድ ሰው ላሜራውን በሙቀት ያጣምመዋል። አንዳንድ ሰዎች የጣሪያ ቆርቆሮ ቆርጬ እንድለጥፍበት መክረውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የጣሪያ ቆርቆሮ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው፤ የሰው ክብደት የሚሸከም ወለል ሊሆን አይችልም፤ ሲበየድም የዚንክ ልባሱ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያስከትላል።

የፓራፋንጎዎቹ ቡሎኖች በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ናፍታና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ ማሳደር፣ ከዚያም እያጠበቁ እያላሉ ቀስ በቀስ መፍታት ይሻላል። ከተሰበረም በ6.8 ሚሊሜትር መብሻ በስቶ ለ8 ሚሊሜትር ቡሎን ጥርስ ማውጣት ይቻላል። የዛጉትን ትንንሽ ቡሎኖችና ሮንዴላዎች አቼቶ ውስጥ አሳድሬ በቢካርቦኔት ውሃ ሳጥባቸው ንጹሕ ሆነው ወጡ። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል የሚገባው ጎማ ሥራው ማስጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ቀለሞች ተፋጭተው እንዳይላጡ ይከላከላል። አዲስ ባይገኝ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ መቁረጥ ይቻላል።

ስቱኮን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። ስቱኮ እርጥበት የሚመጥ በመሆኑ በዝገት ላይ ወይም ቀዳዳን ለመድፈን ከተቀባ ውሃ ይዞ የሚያበሰብስ ይሆናል፤ ተገቢ ቦታው በጸዳና ፀረ ዝገት በተቀባ ላሜራ ላይ የቀረን ጥቂት ጎድጓዳ ማስተካከል ብቻ ነው። የገዛችሁት መኪና የት የት ስቱኮ እንዳለበት ለማወቅ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦዲው ላይ አስኪዱት፤ መያዙን በሚለቅበት ቦታ ሥር ያለው ስቱኮ ወፍራም ነው። እኔ ስቱኮውን በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ በ180 አስተካክዬ በ320 ጨረስኩ፤ ስቱኮው ሁልጊዜ በደረቁ ይሞረዳል። በላዩ የተቀባው መነሻ ቀለም ግን በ600 ቁጥር በውሃ ይለሰልሳል።

ለቀለም ከኅዳር በኋላ ያለውን ደረቅ ወራት መርጫለሁ። በክረምት እርጥበት ውስጥ የሚረጭ ቀለም ቲነሩ ሲተን ይቀዘቅዝና ከአየሩ ውሃ ስቦ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ትንሽ ኮምፕረሰር ለመሙላት ጊዜ ይወስድበታል፤ ስለዚህ አንድ በር ቀብቶ እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ይላል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለውን ሁለት ክፍል ቀለም ግን በቤት ውስጥ ላለመጠቀም ወስኛለሁ፤ በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን የሚጎዳ ሲሆን የአቧራ ጭምብል አይከለክለውም። እናቴ ቀለሟ እንዳይለወጥ አደራ ስላለችኝ ናሙናውን የወሰድኩት ፀሐይ ካልነካው ከዳሽቦርዱ ሥር ነው።

በመጨረሻ የተሠራው ከበሮቹ ሥር ያለውን የሣጥኑን ውስጥ ከዝገት መጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ጎጃም የማር አገር በመሆኑ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ በርካሽ አገኘሁ። በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጬ በጨርቅ አጠለልኩት፤ አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ንጹሕ የሞተር ዘይት ቀላቀልኩ። ልኩን ለማወቅ ጠብታውን ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ማኖር ይበቃል፤ በጥፍር ሲጫን ከተሰነጠቀ ዘይት ይጨመርበታል፤ ከፈሰሰ ሰም ይጨመርበታል። ለብ እንዳለ በቱቦ ወደ ሣጥኑ ሲረጭ በየስፌቱ ሰርጎ ገብቶ ይረጋል። ይህ የሚደረገው ብየዳና ቀለም ፈጽሞ ካለቀ በኋላ ነው፤ ላስቲኮቹንም ዘይቱ እንዳይነካቸው መጠንቀቅ ያሻል። ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በሰሙ እንዳይደፈኑ ረጭቼ እንደጨረስኩ በሽቦ ከፍቻቸዋለሁ።

የቀኙ ጎን፣ የባትሪው ወለልና የቀኝ ፓራፋንጎዎች ተጠናቀዋል። የግራው ጎን ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሳንኳኳው ግን ከሹፌሩ እግር አጠገብ የታፈነ ድምፅ ስለሚሰጥ በሩን አስሬ ልከፍተው አስቤያለሁ። ለፊት መስታወቱ በልኩ የሆነ አዲስ ላስቲክ ገና አላገኘሁም፤ እስኪገኝ ድረስ መኪናዋን ከሣሩ አንሥቼ በድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አቁሜአታለሁ። ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም አካባቢ ይህን ላስቲክ የገጠመ ሰው ካለ ከየት እንዳገኘውና ጥጎቹ ላይ በትክክል ተኝቶለት እንደሆነ ቢያሳውቀኝ እጅግ አመሰግናለሁ።