ለጥጆቹ የመረጥኩት በቆሎ

ጡት የጣሉ ሃያ ሁለት ጥጆችን እንዳሳድግ ኃላፊነት በተሰጠኝ በመጀመሪያው የበጋ ወቅት፣ ተጨማሪ መኖ የመረጥኩት የኩንታሉን ዋጋ ብቻ አይቼ ነበር። ጥጆቹ ስድስትና ሰባት ወር የሞላቸው፣ በአማካይ 130 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሲሆኑ፣ የሚበሉት ዘግይቶ የታጨደ፣ አገዳው የጠነከረና ቅጠሉ የረገፈ ድርቆሽ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ክብደታቸው አልጨምር ሲል የጎደላቸው ኃይል ሰጪ መኖ ነው ብዬ ደመደምኩና፣ ከፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ የቅባት እህል ቅሪት) ይልቅ የሚረክሰው የተከካ በቆሎ ለእያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ኪሎ እንዲሰጥ አዘዝኩ።

ጥጆቹ በቆሎውን እየተጋፉ ይልሱት ስለነበር ምርጫዬ የተሳካ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በረቱን የሚያጸዱት አዛውንት ሠራተኛ ወደ ግርግሙ ወስደው የተከመረውን ድርቆሽ አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ እኔ በየማለዳው የምጠርገው እኮ ያልተበላ ድርቆሽ ነው» አሉኝ። ወለሉ ላይ ያለው እበት ቀጥኖ ነበር፤ በእግሬ ስገልጠው በጨጓራ ሳይብላሉ የወጡ የበቆሎ ስባሪዎች ታዩኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን ማየት የነበረብኝ ግርግሙንና እበቱን ነበር።

አስቀድሜ ላደርገው የሚገባኝን የድርቆሽ ምርመራ ያስደረግሁት ከዚህ በኋላ ነው። ውጤቱ የድርቆሹ ፕሮቲን 6 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። በትልቁ ጨጓራ ውስጥ አሰር፣ ማለትም የድርቆሹን ጠንካራ ክፍል፣ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ለመራባት ከፕሮቲን የሚገኝ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፣ ድርቆሹም ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ የሚበላውም መጠን ይቀንሳል። የእኔ በቆሎ ደግሞ ስታርቹ ቶሎ እየተብላላ የጨጓራውን አሲድ ስለጨመረ፣ አሰር አብላዮቹን ይበልጥ ጎዳቸው። ተጨማሪ ብዬ የሰጠሁት መኖ የድርቆሹን ቦታ ወሰደ እንጂ በላዩ ላይ አልታከለም።

በማግስቱ ሒሳቡን በኩንታል ሳይሆን በፕሮቲን ኪሎ ሠራሁት። አንድ ኩንታል በቆሎ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ፕሮቲን ሲይዝ፣ አንድ ኩንታል የአኩሪ አተር ፋጉሎ 44 ኪሎ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ፋጉሎው በኩንታል እጥፍ ዋጋ ቢጠየቅበት እንኳ ለእኔ ችግር ርካሹ እሱ ነበር። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎም ቀርቦልኝ ነበር፤ ሆኖም የሚይዘው ጎሲፖል የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ጨጓራቸው ገና ያልጠነከረ እንስሳትን ስለሚጎዳ አልወሰድኩትም። ከሁሉ የሚረክሰውን የናይትሮጅን ምንጭ፣ ዩሪያንም የተውኩት፣ በደንብ ካልተደባለቀ በአሞኒያ መርዝ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊገድል ስለሚችልና ጥጆቹ ዕድሜያቸው አንድ ዓመት እንኳ ስላልሞላ ነው።

በቆሎውን በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኪሎ አውርጄ፣ በምትኩ ግማሽ ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ተካሁ፤ ጨውና ንጹሕ ውኃም ከአጠገባቸው እንዳይጠፋ አደረግሁ። በሦስተኛው ሳምንት እበቱ ቅርጽ ያዘ። አዛውንቱ ግን ስለ እበቱ አላወሩኝም፤ ከማለዳ እስከ ማታ የሚበቃቸው የነበረው ድርቆሽ ከቀትር በፊት እንደሚያልቅ ነግረውኝ፣ ተጨማሪ እስር እንዳስመጣ ጠየቁኝ።