ስልኬ «ፀሐይ» ብሎኝ ነበር

ናዝሬት ነው ያደግኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ብርድ የማማርረውን ሁሉ እንድትረዱልኝ ነው። እኛ ቤት ብርድ ልብስ የሚወጣው ለእንግዳ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ አሥር ዓመት ቢሞላኝም ኅዳር ሲጠባ ቢሮ ውስጥ ሹራብ ደርቦ የሚቀመጠው አሁንም እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 2010 ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ና፣ የጎጃሙን ጮቄ ተራራ ላሳይህ» አለኝ። አባቱ ገብስ የሚወቁበት ጊዜ ስለነበር እረፍት ወስዶ ሊያግዛቸው ነው። እሺ ከማለቴ በፊት ስልኬን አየሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ሰባቱንም ቀን ቢጫ ፀሐይ። ቀን 23፣ ሌሊት 8። ዳመና የሚባል ነገር የለም። «በቃ እንሄዳለን» አልኩ። ጃኬቴን ትቼ አንድ ስስ ሹራብ ያዝኩ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ስትሰማ «በዊንተር ተራራ ልትወጣ?» ብላ ጮኸችብኝ። ሳቅኩባት። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ዝናብና ጭቃ ነው። ታኅሣሥ በጋ ነው። በጋ ደግሞ ፀሐይ ነው። እንደዚያ ነበር ሒሳቤ።

ከመርካቶ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣን። ጎሃ ጽዮን ድረስ ተኝቻለሁ። የነቃሁት ዓባይ በረሃ ውስጥ ጆሮዬ ሲደፈን ነው። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና፣ ወንዙን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ታች ስንደርስ የናዝሬት ሙቀት ተቀበለኝ። ደስ ብሎኝ መስኮቱን ልከፍት ስል ከኋላዬ አንዲት እናት «ዝጋው ልጄ፣ ንፋስ ይመታኛል» አሉ። በዚያ ሙቀት! ዘጋሁት። ጃፓኖች የሠሩትን ድልድይ ስናልፍ ሹራቤን አወለቅኩ። ጓደኛዬ አየት አድርጎኝ ዝም አለ። ደጀን ላይ መልሼ ለበስኩት።

ደብረ ማርቆስ ከቀኑ 7 ሰዓት አለፍ ሲል ገባን። ጮቄ ሥር ወዳለችው ሮብ ገበያ ከተማ የሚሄደው መኪና ሞልቶ ስለነበር ማደር ግድ ሆነ። የያዝነው ሆቴል 250 ብር ነበር። «ሙቅ ውኃ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አለ» አሉኝ። ጠዋት ቧንቧውን ስከፍት የሚወርደው ውኃ ጣት ያደነዝዛል። «ማታ ነበር እኮ» አሉኝ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉ። ብርድ ልብሱ የእጅ መሐረብ ያህል ሳስቶብኝ ሌላ ጠይቄ ነበር፣ በ40 ብር ጨመሩልኝ። ስንወጣ ሒሳቡ ላይ 80 ሆኖ መጣ። ለምን ስል «ሁለት ሰው ናችሁ» ተባልኩ። ጓደኛዬ እንኳን ተጨማሪ ሊጠይቅ፣ የተሰጠውንም ገፎ ነው ያደረው። ለ40 ብር ሩብ ሰዓት ተከራከርኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ግን ደግሞ 40 ብር 40 ብር ነው።

ሮብ ገበያ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ገደማ በእግር። ዳገቱን አልተርከውም፤ ሳምባዬ ያስታውሰዋል። ጓደኛዬ አንድ ቦታ ቆም ብሎ «ከዚህ በላይ ውርጭ ነው» አለኝ። እስከዚያ ቀን ውርጭ ማለት ለእኔ የአየር ሁኔታ ነበር። ለካ የአገርም ስም ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን የተማርነው መሰላል ከላይ አንድ ደረጃ ይቀረዋል፤ ከ3,200 ሜትር ገደማ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። እነሱ ቤት እዚያ ወሰን ላይ ነው።

አባትየው አውድማው ዳር ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁን። ሰላምታው ረጅም ነበር። እናትየው ጾም ስለሆነ የሚያቀርቡት እንዳነሰባቸው ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁኝ። የቀረበው ሽሮ፣ የተቀቀለ ድንችና ትኩስ የገብስ ቆሎ ነው። ከሆቴሉ እራት ጋር አይወዳደርም፤ ሆቴሉ ነው የሚያፍረው።

ፀሐይ ስትገባ አባትየው ደጃፍ ላይ ቆመው ሰማዩን ቃኙ።

«ዛሬ አመዳይ ይወርዳል» አሉ።

ስልኬን አወጣሁ። «አባ፣ ትንበያው ሌሊት 8 ዲግሪ ነው የሚለው። ውኃ የሚረጋው እኮ ዜሮ ላይ ነው።»

«ዳመና ታያለህ?»

«አላይም።»

«ንፋስ ይሰማሃል?»

ጭሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። «የለም።»

«እንግዲያ።» ገብተው ተቀመጡ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

መደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈልኝ። እናትየው ጋቢ ደረቡልኝ፣ ጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ። አሁንም ስንቀጠቀጥ አይተው የእረኛውን ደበሎ አመጡ። የበግ ሽታው ኃይለኛ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ወደድኩት። ለእሱ ሒሳብ የጠየቀኝ የለም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለሽንት ወጣሁ። ያን ያህል ኮከብ አይቼ አላውቅም። ሳሩ ከእግሬ ሥር ተንኮሻኮሸ። አላደነቅኩትም፣ ሮጬ ገባሁ።

ጠዋት እናትየው ደጅ ያደረውን ጣሳ አሳዩኝ። ውኃው ላይ እንደ መስኮት መስታወት የሳሳ በረዶ ሠርቷል። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ቀጭ አለ። ስባሪውን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ፤ ጠርዙ ስለት አለው፣ በመሐሉ የጣቴ ቆዳ ይታያል። የገብሱ ቃርሚያ በሙሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ ስትነካው ግን ከዳር ጀምሮ ጠፋ።

ከዚያ አባትየው ወደ ምንጩ ይዘውኝ ወረዱ። እዚያ የመስኖ ድንች አላቸው። ላይኛው ረድፍ አረንጓዴ ነው። ታችኞቹ ሁለት ረድፎች ቅጠላቸው ጠቁሮ፣ ውኃ አዝሎ፣ ድስት ውስጥ እንደቆየ ጎመን ተኝቷል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአሥር እርምጃ አይበልጥም። «ብርድ እንደ ውኃ ነው፣ ወደ ታች ይፈሳል» አሉኝ። «ቤቱን ዳገት ላይ የሠራሁት ለምን መሰለህ?» እኔ ለእይታው መስሎኝ ነበር።

ያን ዕለት ገብሱ ሲወቃ ጥግ ይዤ ሒሳቡን ሠራሁ። ስልኬ 8 ያለው ለደብረ ማርቆስ ነው፣ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ላለች ከተማ። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። እኛ 750 ሜትር ያህል ከፍ ብለናል። 5 ሲቀነስ 3 ቀረ። ሌላም አለ። ትንበያው የሚናገረው በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ እንደሚለካው ሙቀት ነው፤ እዚያ ቴርሞሜትሩ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰማይ ጠርቶ ንፋስ ሲተኛ መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቅቃለች፤ የሚመልስላት ዳመና የለም። ሳጥኑ ውስጥ 3 ሲሆን ሳሩ ላይ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ድንች ደግሞ የሚኖረው ሳሩ ጋ ነው። ስልኬ አልዋሸም። ያቺን ቢጫ ፀሐይ እንደ ሙቀት ያነበብኳት እኔ ነኝ። አባትየውም ያዩት እሷኑ ነው።

ማታ ምድጃ ዙሪያ ወሬው ብርድ ብቻ ሆነ። አባትየው መዝገባቸው በባቄላ ነው፣ ባቄላው የተመታበትን ዓመት እየጠሩ ይቆጥራሉ። ባለፈው ዘመነ ማርቆስ እንዳለ ጠቁሮ ነበር አሉ። «ዘንድሮም ማርቆስ ነው» አሉ፤ ለእሳቸው ይህ በቂ ማስረጃ ነው፣ ለእኔ አይደለም፣ ግን አረቄያቸውን እየጠጣሁ አልተከራከርኩም። እኔም የአቅሜን ላዋጣ ብዬ በአፍሪካ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ሞሮኮ ኢፍራን ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ከዜሮ በታች 23.9።

ጥቂት አሰቡና «ድንች ይዘራሉ?» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጮቄ ወጣን። ጫፉ 4,100 ሜትር አካባቢ ነው። ጓሳው መሐል ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ ተገትሯል፣ ከየሸንተረሩ ወደ ዓባይ የሚወርድ ምንጭ ይሰማል። ጋቢ ለብሼ ነበር፣ ስለዚህ ደስ አለኝ። መልሱ መንገድ ላይ የሚነገር ነገር የለም፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ ሹራቤን አላወለቅኩም።

ጥር ላይ ጓደኛዬ ቢሮ ውስጥ ከአባቱ ጋር ሲያወራ ስልኩን አቀበለኝ። ከሰላምታው በኋላ «ያ ስልክህ ለነገ ምን ይላል?» አሉ።

አየሁት። «ፀሐይ ነው አባ። ዳመና የለም።»

«ወይ ጉድ» አሉና ከስልኩ ዞር ብለው ጮክ አሉ፦ «ገለባ አምጡ! ድንቹን እናልብሰው!»