ደንበኛ ባሕር ማዶ ሲሆን

የምዕራብ ኩባንያዎች ኪሳቸው ሲሳሳ ሥራቸውን ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት አገር ያሸጋግራሉ፤ ስለዚህ ቀውስ ለባሕር ማዶ ደንበኛ ለሚሠራ እንደኛ ዓይነቱ ሠራተኛ ሲሳይ ነው ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ነገሩ በከፊል እውነት ቢሆንም ቅደም ተከተሉን ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ባንኮች ሲናጉ፣ ከእነርሱ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደሩት የሕንድ የሶፍትዌር ኩባንያዎች መጀመሪያ ያዩት የሥራ ጎርፍ ሳይሆን የተጓተተ ውልና «ዋጋ ቀንሱ» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ወጪ ቅነሳው ሥራ ይዞላቸው የመጣው ዘግይቶ ነው። ገበያው ማገገም ሲጀምር ደግሞ ፖለቲካው ደረሰ። በነሐሴ 2010 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት አገረ ገዥ ቴድ ስትሪክላንድ የግዛቲቱ ገንዘብ ባሕር ማዶ ለሚሠራ አገልግሎት እንዳይከፈል አገዱ፤ በዚያው ወር የወጣ የፌዴራል ሕግም አብዛኛው ሠራተኛቸው ለባለሙያ በሚሰጠው የኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ በመጣ ኩባንያዎች ላይ በአንድ ማመልከቻ የ2,000 ዶላር ጭማሪ ጣለ። ምርጫ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም። (አገረ ገዥው ግን በምርጫው ከመሸነፍ አልዳኑም።)

እኔ ሁለቱንም፣ የኢኮኖሚውንም የፖለቲካውንም ጫና፣ በአንድ ዓመት ቀምሻለሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ ኮድ የምጽፍለት አውሮፓዊ ደንበኛዬ የሰዓት ክፍያዬን እንድቀንስለት ጠየቀኝ፤ ተከራክረን፣ ትንሽ ዝቅ ብዬ ቀጠልን። ሰኔ 23 ግን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። የተጠናቀቀው ሥራ ላፕቶፔ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ የራውተሩን ቀይ መብራት እያየሁ ከሦስት ሳምንት በላይ አለፈ። መስመሩ ሲመለስ የጠበቀኝ ኢሜይል ጨዋ ነበር፤ ሥራው ለሌላ ሰው መሰጠቱን ገልጾ ያለፈውን ኢንቮይስ እንድልክ ይጠይቃል። ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልነበረውም።

የሐዋሳ ልብስ ሰፊዎች ዕጣም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅና በጥር 2022 ወደ አሜሪካ ገበያ የሚያስገባው የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ሲነሳ፣ ምክንያቱ የሰሜኑ ጦርነት እንጂ የስፌቱ ጥራት ወይም የልጆቹ ደመወዝ አልነበረም። ከኢኮኖሚ ጋር ዋጋ ቀንሶ መደራደር ይቻላል፤ ከማዕቀብና ከተቆረጠ መስመር ጋር በምን ይደራደሩታል?

አሁን አዲስ ደንበኛ ሳነጋግር ውሉ ላይ ስለ ኢንተርኔት መቋረጥ አንድ አንቀጽ እንዲገባ እጠይቃለሁ፤ እነርሱም ከክፍያዬ አስቀድመው የሚጠይቁኝ አገሬ ሰላም መሆኑን ነው።