ከብላስት ውጤት በእጅ መገልበጥ ይቅር

96 ናሙና ነበረኝ፤ ሁሉም የባክቴሪያ 16ኤስ ጂን፣ ዝርያ ለመለየት የሚያገለግለው። አንድ በአንድ ብላስት ላይ (የዲኤንኤ ቅደም ተከተልን ከታወቁት ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም ነው) እያስገባሁ፣ ውጤቱን እየጠበቅኩ፣ የላይኛውን ረድፍ የዝርያ ስም፣ የመመሳሰል መቶኛና ኢ-ቫልዩ (በአጋጣሚ ብቻ ስንት እንዲህ ያለ ግጥሚያ እንደሚጠበቅ የሚናገር ቁጥር፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል) ኤክሴል ላይ ስገለብጥ ሁለት ቀን አለቀ። ድካሙስ ይሁን። ኋላ መለስ ብዬ ሳመሳክር ግን አንዱ ናሙና ላይ ርቢው ኔጌቲቭ 105 የሆነውን ኢ-ቫልዩ ኔጌቲቭ 10 ብዬ ጽፌዋለሁ። 5ቷ ቀርታለች። ሌላ ስንት እንዲህ ያለ ስህተት እንዳለ በምን ላውቅ? ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ በዚህኛው ዙር ግን በፓይተን አጭር ፕሮግራም (ስክሪፕት) ጽፌ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ብላስትን ኮምፒውተራችሁ ላይ ጭናችሁ ውጤቱን በሠንጠረዥ አውጣልኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ፎርማት 6 የሚባለው ነው። በታብ የተለያየ 12 ዓምድ ይሰጣችኋል። ስክሪፕቱ ያንን እያነበበ ለየናሙናው ከፍተኛ ቢት ስኮር (የግጥሚያው ጥንካሬ ነጥብ) ያለውን ይመርጣል። የኔ 40 መስመር አይሞላም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከ12ቱ ዓምዶች ውስጥ ሽፋን የለም፤ ማለትም ከላካችሁት ቅደም ተከተል ምን ያህሉ እንደተገጣጠመ የሚነግራችሁ መቶኛ። እሱን ጨምርልኝ ብላችሁ ማዘዝ አለባችሁ። እኔ ጋ 100% መመሳሰል ያለው ናሙና ነበር፣ በእጅ ስገለብጥ ደስ ብሎኝ ያለፍኩት። ለካ የተገጣጠመው 34 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ብቻ ነው! ሙሉው ጂን እኮ ወደ 1,500 ቤዝ ነው።

ደግሞ ለመፍጠን ብላችሁ «አንድ ውጤት ብቻ ስጠኝ» አትበሉት። የግድ ምርጡን አያመጣም፤ ከ5 በታች ስታደርጉት ብላስት ራሱ ያስጠነቅቃል። 16ኤስ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ዝርያ እኩል ስኮር ይዘው መውጣታቸው የተለመደ ነው። በእጅ ስንሠራ ይደክመንና የላይኛውን ስም ብቻ ይዘን እንሄዳለን፤ ከዚያ ያ ስም ቴሲስ ውስጥ ይገባል፣ ከቴሲሱም ሌላ ሰው ይወስደዋል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ስለዚህ የኔ ስክሪፕት እኩል የወጡትን ሁሉ ጎን ለጎን ይጽፋል፤ ዝርያው ካልለየ ጂነሱ (ከዝርያ በላይ ያለው ምድብ) ላይ አቆማለሁ።

ሽፋኑ ከ90% በታች የሆነውን ደግሞ ለብቻው ፋይል ያደርገዋል። ባለ 34 ቤዙ ናሙና እዚያ ወጣ። እንደገና ሲኩዌንስ እንዲደረግ (ቅደም ተከተሉ እንዲነበብ) ልኬዋለሁ።